የአማኑኤል እህል በማን ሚዛን ይለካል?

«ቤንችማርክ» የሚለው ቃል ገበያ ገብቷል፤ ትርጉሙን ያልለየ ነጋዴ ግን ይከስርበታል

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ የማቻክል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አማኑኤልን ያገኛል። አካባቢው ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ገብስና ድንች ይመረትበታል። እንደ ሌሎቹ የጎጃም የእህል ገበያዎች ሁሉ በዚህም ገዢና ሻጭ ከመነጋገራቸው በፊት የምትቀድም አንዲት ጥያቄ አለች። ይህችውም «አዲስ አበባ ስንት ገባ?» የምትለው ናት።

ይህች የቆየች ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ የፈረንጅ ስም አግኝታለች፤ ቤንችማርክ ትባላለች። ቃሉ መጀመሪያ በአማካሪዎች የጥናት ወረቀት፣ ቀጥሎም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የለውጥ ሰነድና በባንኮች የብድር ማመልከቻ ላይ ሲነበብ ቆይቶ፣ አሁን በነጋዴና በደላላ አፍም ይሰማል። አንዱ «ቤንችማርካችን እህል በረንዳ ነው» ሲል፣ ሌላው «የኛ ጤፍ ቤንችማርኩን ያሟላል» ይላል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ቢጠቀሙም የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሚያወራው ስለ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ጥራት። ልዩነቱ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ምሁራን መተው በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን በእህል ንግድ ውስጥ ይህን አለመለየት በየጭነቱ ገንዘብ ያስከፍላል።

ቃሉ ከወዴት መጣ?

ቤንችማርክ መነሻው የቀያሾች ቃል ነው። የመሬት ከፍታ የሚለካ ባለሙያ በማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ግንብ ላይ አግድም መስመር ይቀርጻል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ የሚገባው ብረት የመለኪያው ዘንግ የሚያርፍበት መደገፊያ፣ በእንግሊዝኛው አነጋገር «ቤንች» ይሆናል። ምልክቱም ቤንችማርክ ተባለ። ነገ ተመልሶ የሚለካ ሰው፣ ወይም ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ቀያሽ፣ ልኩን የሚጀምረው ከዚያው ምልክት ነው። ለጎጃም ሰው ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥትና የአሜሪካው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ፣ በሸለቆውና በደጋው ላይ የቅየሳ ሥራ ተሠርቷል።

ከዚህ አመጣጥ ለገበያ የሚጠቅሙ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ምልክቱ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ለካሁ የሚለው ሰው ሁሉ ከዚያው ቦታ መጀመር አለበት። የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ምልክት ከምልክት አይቆጠርም።

ቃሉን ወደ ንግድ ዓለም በሰፊው ያስገባው ዜሮክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጃፓን ፋብሪካዎች የፎቶ ኮፒ መሣሪያን የሚሸጡበት ዋጋ ዜሮክስ ለማምረቻ ብቻ ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው በ1979 እ.ኤ.አ. የተፎካካሪዎቹን መሣሪያ ፈታቶ ክፍል በክፍል፣ ወጪ በወጪ ከራሱ ጋር ማነጻጸር ጀመረ። ይህም ብቻ አልበቃውም። የመጋዘን ሥራው ዘገምተኛ መሆኑን ሲረዳ፣ ለማነጻጸሪያ የመረጠው ሌላ የፎቶ ኮፒ ኩባንያ ሳይሆን ጫማና የገጠር ልብስ በፖስታ ትእዛዝ የሚሸጠውን ኤል ኤል ቢን ነበር። ምክንያቱም ከመጋዘን ዕቃ ለቅሞ በማውጣት ሥራ ያ ድርጅት የላቀ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ይህን ተሞክሮ ከውስጥ የሚያውቀው ሮበርት ካምፕ በ1989 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካሳተመው በኋላ ቃሉ በዓለም ተዛመተ።

እንግዲህ በንግድ ቋንቋ ቤንችማርክ ማለት፣ ራስን በሥራው ከላቀው ጋር በቁጥር ለክቶ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ ነው። በእኛ አገር «ከማን አንሼ» የሚባል ነገር አለ። ጎረቤት መጋዘን ሠራ ተብሎ መጋዘን መሥራት፣ ጎረቤት አይሱዙ ገዛ ተብሎ አይሱዙ መግዛት ማለት ነው። ይህ ፉክክር እንጂ ቤንችማርክ አይደለም፤ ምክንያቱም የለካ የለም።

ስታንዳርድና ቤንችማርክ

በገበያ ውስጥ ይበልጥ የሚደባለቁት ግን «ስታንዳርድ» እና «ቤንችማርክ» ናቸው። ስታንዳርድ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ልክ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ዕቃው አይወሰድም። በኢትዮጵያ ይህን የሚያወጣ ተቋም ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በሚል ስም ተዋቀረ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ደረጃ ለሚያወጣ፣ ለሚለካ፣ ለሚመረምርና ዕውቅና ለሚሰጥ ለአራት መሥሪያ ቤቶች ተከፈለ።

ቤንችማርክ ግን ዝቅተኛው ልክ ሳይሆን የተሻለው ነው። ስታንዳርድ ያሟላ እህል ገበያ ይገባል እንጂ የተሻለ ዋጋ ያገኛል ማለት አይደለም። «ስታንዳርድ አለው» እያለ የማኛ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ አንደኛ ልባል እንደማለቱ ነው።

ሁለቱ በሥርዓት ሲሠሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ቡናን መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ ቡና ለደረጃ ሲቀርብ ጥሬው ከ40፣ ቅምሻው ከ60 ነጥብ ተይዞለት ከመቶ ይለካል። በነጥቡ መሠረት ደረጃ ይወጣለታል፤ ገዢው ከረጢቱን ሳይከፍት በደረጃው ይጫረታል። ከዚህም በላይ በ2020 እ.ኤ.አ. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሽጧል። ያ ገበሬ ይህን ያህል የተከፈለው ቡናው ጥሩ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ጥሩ መሆኑ ተለክቶ፣ ልኩ ሩቅ ላለ ገዢ ሊነገር ስለቻለ ጭምር ነው።

ጤፍ ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጀመሪያ ያቀደው እህልን ለማገበያየት ነበር፤ ዋና ንግዱ ግን ቡናና ሰሊጥ ሆነ። ስለዚህ ጤፍ አሁንም የሚሸጠው «ማኛ»፣ «ነጭ»፣ «ሰርገኛ»፣ «ቀይ» በሚሉ በዓይንና በእጅ በሚለዩ ስሞች ነው። ስሞቹ ለዘመናት ያገለገሉና ነጋዴው የሚግባባባቸው ናቸው። ችግሩ ማኛ የሚያበቃበትና ነጭ የሚጀምርበት ድንበር አማኑኤል ላይና አዲስ አበባ ላይ አንድ አለመሆኑ ነው። ቀያሹ ቢጠየቅ ምልክቱ ይንቀሳቀሳል ባለ ነበር።

እህል በረንዳ እንዴት ቤንችማርክ ሆነ?

በደርግ ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ይገዛ ነበር፤ ዋጋውም በመንግሥት የተተመነ ነበር። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገሮች የግሉ እህል ነጋዴ ጭራሹን ከገበያ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ነጋዴውም ተመልሶ መጣ። የተተመነ ዋጋ ሲጠፋ ግን ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥልበት አንድ ቦታ አስፈለገ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው እህል የሚገናኝበት፣ ትልቁ ሸማችም ያለበት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የእህል በረንዳ ዋጋ በተፈጥሮው ማነጻጸሪያ ሆነ።

በዚያ ገበያ መሃል ደላላው ቆሟል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ኋላ የምርት ገበያው መሥራችና የመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅ ከመሆናቸው በፊት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን አሠራር በዝርዝር አሳይተዋል። የታወቀ የጥራት ደረጃ በሌለበት ገበያ፣ ከሩቅ የሚልክ ነጋዴ እህሉን በቦታው ተገኝቶ የሚያይለት፣ ገዢ የሚፈልግለትና ዋጋ የሚደራደርለት ሰው ያስፈልገዋል። ደላላውም ይህን ሥራ በኩንታል በሚታሰብ ኮሚሽን ይሠራል። በሌላ አነጋገር የደላላው ዓይን የደረጃ መዳቢ ቦታ ተክቶ ይሠራል። ደላላ ትርፍ ቆራጭ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳ ይህን አገልግሎት ይዘነጋል። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ዓይንም፣ ሚዛንም፣ የዋጋ ነጋሪም ሲሆን፣ የሚናገረውን የሚያመሳክሩበት ሌላ መንገድ ማስፈለጉ አይቀርም።

ስሌቱ ሲዘረዘር

የእህል በረንዳ ዋጋ የአማኑኤል ዋጋ ሊሆን አይችልም። በመካከላቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው የዓባይ በረሃ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ኬሻ፣ ኮሚሽንና ጊዜ አሉ። ነገሩን ለመረዳት ያህል፣ ለስሌት እንዲመቹ ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮችን እንመልከት።

አንድ ነጋዴ የአዲስ አበባው ዋጋ በኩንታል 10,000 ብር መሆኑን በስልክ ሰምቶ አማኑኤል ላይ በ9,500 ብር ገዛ እንበል። በሃሳቡ 500 ብር ልዩነት አለው። ነገር ግን ለትራንስፖርት 350፣ ለጫኝና አውራጅ 60፣ ለኬሻ 50፣ ለደላላ 40፣ ለክብደት ጉድለት 50 ብር ቢያወጣ ድምሩ 550 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ የሚወለድበት ብድር ሆኖ ገዝቶ እስኪሸጥ 15 ቀን ቢቆይ፣ ወለዱ በኩንታል 70 ብር ገደማ ይመጣል። አጠቃላይ ወጪው 620 ብር ነው። እህሉ አዲስ አበባ ሲደርስ 10,120 ብር ፈጅቷል ማለት ነው። በ10,000 ብር ቢሸጥ በኩንታል 120 ብር፣ በ50 ኩንታል ጭነት 6,000 ብር ከሰረ።

ይህ እንግዲህ ዋጋው በትክክል ተነግሮት ነው። አሁን ደግሞ የተነገረው 10,000 ብር የማኛ ዋጋ ሆኖ፣ የጫነው ግን ሰርገኛ የነካካው ነጭ ጤፍ ቢሆንስ? በሁለቱ መካከል 800 ብር ልዩነት ቢኖር ኪሳራው በኩንታል ወደ 920፣ በጭነቱ ወደ 46,000 ብር ያድጋል። ሰውየው መንገድ ላይ አልተዘረፈም፤ ደላላውም አልዋሸው ይሆናል። የጠፋበት አንድ ነገር ቢኖር «የምን ጤፍ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

በዚያው ገበያ በሌላው ወገን የቆመው ገበሬም ይጎዳል። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ የማኛን ንጣትና የዱከም ዝርያን ምርታማነት እንዲያጣምር ሆኖ የተዳቀለ ነው። ይህን ዘርቶ፣ አበጥሮ፣ ከአፈርና ከገለባ አጽድቶ ገበያ ያወጣ ገበሬ፣ ሳያበጥር ካመጣው ጎረቤቱ ጋር እኩል ከተከፈለው በሚቀጥለው ዓመት ለማበጠር የሚደክምበት ምክንያት የለውም። ነጋዴውም ጥሩ እህል አጣሁ ብሎ ያማርራል። ልክ በሌለበት ገበያ ጥሩው እህል ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ሲነገር የተሸጠ የሚመስል ዋጋ

የዋጋ ማነጻጸሪያ ሊዛባ እንደሚችል ታላላቆቹ ገበያዎችም በውድ ተምረዋል። በለንደን ላይቦር የተባለ የወለድ መጠን ነበር። ባንኮች እርስ በርስ ቢበዳደሩ ስንት እንደሚከፍሉ በየቀኑ የሚሰጡት ግምት ተሰብስቦ ይወጣ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ብድርም በእርሱ ይታሰብ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ባርክሌስ ባንክ ግምቱን ለራሱ ጥቅም በማጣመሙ በእንግሊዝና በአሜሪካ መንግሥታት ተቀጣ፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉት። በመጨረሻም በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. የዶላር ላይቦር ባንኮች በሚሰጡት ግምት መውጣቱ ቀረ። የተተካው መለኪያ በግምት ላይ ሳይሆን በእርግጥ በተካሄደ ብድር ላይ የተመሠረተ ነው።

ትምህርቱ ለአማኑኤልም ይሆናል። «ገበያው ይህን ያህል ይላል» ማለትና «በዚህ ተሽጧል» ማለት ይለያያሉ። የተጠራ ዋጋ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። ብዙ ጭነት በገባበት ቀን የተጠራው ዋጋ ማምሻውን ሊወርድ ይችላል። ዋጋ የሚነግር ሰው ራሱ ከዋጋው የሚጠቀም ሲሆን ደግሞ ማመሳከር ግዴታ ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ይህን ለማስተካከል የጤፍ ደረጃ በሕግ እስኪወጣና በየገበያው እስኪሠራበት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና ሁለት ስልክ ብዙ ይሠራሉ።

በመጀመሪያ፣ የሰሙትን ሁሉ ከአራት ነገሮች ጋር መጻፍ ነው፤ ቀኑን፣ የእህሉን ዓይነት፣ የተሸጠውን ብዛትና ዋጋው የተጠራ ወይስ የተከፈለ መሆኑን። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ዋጋ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መጠየቅ፣ ከተቻለም ዱቄትና እንጀራ ለገበያ ከሚያቀርብ ገዢ መስማት ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ጣሳ ናሙና አስቀርቶ ቀንና የተሸጠበትን ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ነጋዴው የራሱ የደረጃ መደብ ይኖረዋል። ከገበሬ ሲገዛ ከናሙናው ጋር አስተያይቶ ለተሻለው የተሻለ መክፈል ይችላል፤ ከደላላ ጋር ሲከራከርም የሚያሳየው ነገር አለው።

አራተኛ፣ አዲስ አበባን ብቻ አለመመልከት ነው። ለአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ባሕር ዳርም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። በቅርብ ገበያ በኩንታል 300 ብር አንሶ የሚሸጥ እህል፣ መንገዱና ወለዱ ሲቀነስ ከአዲስ አበባው የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። መነጻጸር ያለበት እጅ ላይ የሚቀረው የተጣራ ገንዘብ ነው።

አምስተኛ፣ ዜሮክስ እንዳደረገው ከሙያ ውጭ ካለ ሰውም መማር ነው። በመጋዘን ውስጥ በአይጥና በእርጥበት የሚጠፋው እህል ሁለት በመቶ ቢሆን፣ ከላይ ባየነው ዋጋ በ50 ኩንታል ላይ አንድ ሙሉ ኩንታል ነው። በዚህ ረገድ ለእህል ነጋዴው የተሻለው አስተማሪ ሌላ እህል ነጋዴ ሳይሆን ቡና የሚያከማች ሰው ሊሆን ይችላል።

ለከተማው ባለ ገንዘብም ነገሩ ያው ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን አስተዋውቋል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ገንዘቡን በእህል ላይ የሚያውል ሰው «አተረፍኩ» ከማለቱ በፊት ያው ገንዘብ በግምጃ ቤት ሰነድ ወይም በሌላ ቦታ ቢውል ስንት ያስገኝ እንደነበር ሊያሰላ ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ከመነሻው በለጥ ያለ ገንዘብ መያዝ ብቻውን ትርፍ አይባልም።

«ኤክስፖርት» የሚባለው ጤፍ

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በአገራችን የማንኛውንም ዕቃ ምርጥነት «ኤክስፖርት ነው» ብሎ ማወደስ የተለመደ ሆኗል። ለቡናና ለሰሊጥ ቃሉ ተጨባጭ ትርጉም አለው፤ የሚለካ ደረጃና የሚጠይቅ የውጭ ገዢ አለና። በጤፍ ላይ ግን መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ገደማ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክሎ ቆይቷል፤ ኋላም የተፈቀደው በውስን መንገድ ነው። ስለዚህ በአንድ ኬሻ ላይ «ኤክስፖርት» የሚል ቃል ተለጥፎ ሲታይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ለካው? በምንስ ለካው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሻጭ ዋጋ ይጠይቅ፤ ገዢውም ይክፈል። መልስ ከሌለው ግን ቃሉ የእንግሊዝኛ ሆነ የአማርኛ ለውጥ የለውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ከገበሬው ሲገዛ ልክ የማይወድ ነጋዴ አዲስ አበባ ሲደርስ ልክ ባጣ ገበያ ቢጎዳ ሊገርመው አይገባም። የአማኑኤል ነጋዴ ደብተሩን ከገበሬው ጋር ሲገበያይ ከጀመረ፣ እህል በረንዳ ላይ የሚከራከርበት ምልክት በእጁ ይኖረዋል።